መድኃኒቱ ቀድሞ፣ ማይክሮስኮፑ ዘግይቶ፦ የሴቶች ሕመምና የመድኃኒት ንግድ በደጀን መንገድ

ደጀንን ደጀን ያደረጋት መንገዱ ነው። ከጎሐ ጽዮን ጫፍ ወደ አባይ በረሃ ወርዶ፣ ወንዙን ተሻግሮ፣ ከአንድ ሺሕ ሜትር በላይ እየተጠማዘዘ ወደ ጎጃም ደጋ የሚወጣ መኪና መጀመሪያ የሚያርፈው እዚህች ከተማ ነው። ከመኪና በፊት ሚዛኑ ወደ ምዕራብ ያጋደለ ነበር። እንግሊዛዊው ተጓዥ ቻርልስ ቤክ እ.ኤ.አ. በ1842 የጁቤ ተቀምጦ ያየው የባሶ ገበያ ከአባይ ወዲህና ወዲያ ያሉ ነጋዴዎች ወርቅ፣ ዝባድ፣ ቡና፣ አሞሌና ባሪያ ይዘው የሚገናኙበት የጎጃም ትልቁ ገበያ ነበር። ጣልያን በወረራው ዘመን መኪና የሚያወጣ መንገድ በሸለቆው ሲቀድ ባሶ ቀስ በቀስ ደበዘዘ፤ ደጀን ደግሞ ጎላች። በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ በጃፓን መንግሥት እርዳታ የተሠራው የሕዳሴ ድልድይ ሲከፈትም ይኸው መስመር ይበልጥ ጸና። ስኳር፣ ጨርቅና ነዳጅ፣ ደብረ ማርቆስ የሚራገፈውም ሆነ ወደ ባሕር ዳር የሚያልፈው፣ በዚህ በር ይገባል። የመድኃኒት ካርቶንም እንዲሁ። የታሪክ ጸሐፊዎቻችን ስለ አሞሌና ስለ ዝባድ ብዙ ብለዋል፤ ስለ ክኒን ንግድ ግን የተጻፈው ጥቂት ነው። እኔ የምመለከተው ከዚያ ካርቶን ውስጥ አንዱን ትንሽ ዕቃ፣ ለማህፀን ፈንገስ የሚሸጠውን መድኃኒትና እሱን ተከትሎ የመጣውን ጣጣ ነው።

መድኃኒት ተወስዶበት የማይለቅ፣ ለቅቆም የሚመለስ የማህፀን ፈንገስ ዛሬ በሁለት መንገድ ይወራል። ግማሹ ሰው እንደ አዲስ መቅሠፍት ያየዋል፤ ዘመኑ ያመጣው፣ እናቶቻችን የማያውቁት ነገር ነው ይላል። ግማሹ ደግሞ ጥፋቱን በሴትየዋ ላይ ይጥላል፤ ንጽሕናዋን ስላልጠበቀች ነው፣ ወይም ባሏ የሆነ ቦታ ሄዶ ያመጣባት ነው ይባላል። ሁለቱም የተሳሳቱ ይመስለኛል። የኔ ክርክር ይህ ነው፦ እንደ ደጀን ባለ አገር መድኃኒቱ ከመመርመሪያው ብዙ ዓመት ቀድሞ ደረሰ፤ የደረሰውም ከሁለቱም በሚበልጥ ዕድሜ ባለው የምስጢር ልማድ ላይ ነው። «መድኃኒት ተላምዶ ነው» ከምንለው ውስጥ ከፊሉ ከጅምሩ ፈንገስ ያልነበረ ሕመም ነው፤ በእውነት የተላመደው ደግሞ ሳይታይ በግምት ሲታከም የኖረው ነው። ስለዚህ ነገሩን የተላላፊ በሽታ ዜና ብቻ አድርጎ ማየት አይበቃም፤ የአንድ ንግድና የአንድ ልማድ ታሪክ ሆኖ መነበብ አለበት።

ሕመሙ ራሱ አዲስ አይደለም። ከአራት ሴቶች ሦስቱ በዕድሜያቸው ቢያንስ አንድ ጊዜ ያዩታል፤ ከመቶ ከአምስት እስከ ስምንት የሚሆኑት ደግሞ በዓመት ሦስትና አራት ጊዜ እየተመላለሰ ያስቸግራቸዋል። የሚያመጣው ካንዲዳ የተባለ እርሾ መሰል ፈንገስ ነው። ብዙ ሴቶች ምንም ሳይሰማቸው በሰውነታቸው ይዘውት ይኖራሉ፤ በማህፀን በር አካባቢ ያሉ ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ቦታውን አሲዳማ አድርገው እንዳይበረታ ይይዙታል። ሚዛኑ በእርግዝና፣ በስኳር በሽታ፣ በበሽታ መከላከል አቅም መድከም ወይም ለሌላ ሕመም በተወሰደ አንቲባዮቲክ ሲፋለስ ግን ማሳከኩ፣ ማቃጠሉ፣ እርጎ የመሰለው ነጭ ፈሳሽ ይመጣል። በተለመደው አነጋገር የአባለዘር በሽታ አይደለም፤ ባልም ሚስትም ሳይሳሳቱ ይመጣል። እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልኪንሰን ይህን ፈንገስ ከሴቶች ፈሳሽ ጋር አያይዞ የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1849 ነው፤ ካንዲዳ የሚለውን የዘር ስም ደግሞ ሆላንዳዊቷ ክርስቲን በርክሃውት በ1923 በዶክትሬት ጽሑፏ አወጣችለት። በእነዚያው ዓመታት ወደ አገራችን የመጡ ተጓዦች ስለ ኮሶ ትል፣ ስለ ፈንጣጣ፣ ስለ ቂጥኝና ስለ ሥጋ ደዌ ገጽ በገጽ ጽፈዋል። ወንዶች ነበሩ፤ የሚያነጋግሩትም በአብዛኛው ወንዶችን ነበር። በጓዳ የሚሰቃይ ሰው በእነሱ መዝገብ ስላልገባ «አያቶቻችን ይህን አያውቁም» ማለት መዝገቡንና ሕመሙን ማምታታት ነው።

አያቶቻችን የሚያውቁት ሕክምናም ነበራቸው። ጎጃም የቅኔ አገር እንደሆነ ሁሉ የመድኃኒት አገርም ተብሎ ሲታማ ኖሯል፤ «ታማ» ያልኩት መድኃኒተኛ ደብተራ የሚከበረውንም ያህል ስለሚፈራ ነው። በግዕዝና በአማርኛ የተጻፉ የመድኃኒት መጻሕፍት በየደብተራው ከረጢት ይዞሩ ነበር። ፈረንሳዊው ማርሴል ግሪዮል ከእነዚህ አንዱን እ.ኤ.አ. በ1930 ተርጉሞ አሳተመ፤ በኋላም ፖላንዳዊው ስቴፋን ስትሬልሲን በሰፊው አጠናቸው። ከመጽሐፉ ውጭ ደግሞ የሴቶቹ የራሳቸው ዕውቀት አለ፦ የልምድ አዋላጆች፣ ባልቴቶች፣ ጤና አዳምና ዳማከሴ በጓሯቸው የሚያበቅሉ፣ ለአራስ ጢስ የሚያስሞቁ። ጠበልም አለ። ከእነዚህ የትኛው ፈንገስን እንደሚያጠፋ የተረጋገጠ ነገር ስለሌለ ዛሬ «ባህላዊው ይሻል ነበር» ለሚሉ ሰዎች የምሰጠው ድጋፍ የለኝም፤ እንዶድን የመሰለ ቆዳ የሚያቃጥል ነገር ለዚያ ስስ ቦታ መታጠቢያ ማድረግ ደግሞ ጉዳቱ ግልጽ ነው። ይህ የሕክምና ሥርዓት ግን ሁለት ነገር አውርሶናል። አንዱ ጥሩ ነው፦ ጽኑ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ወሸባ ይገባ ነበር፤ ከሥራና ከሰው ተለይቶ፣ የሚበላው ተመጥኖለት፣ ቀኑ እስኪሞላ ይቆያል። ሕክምና ጊዜ እንደሚፈልግ ሁሉም ያውቅ ነበር። ሁለተኛው ውርስ ምስጢር ነው። የመድኃኒቱ ስም ከተነገረ ኃይሉ ይጠፋል ተብሎ ስለሚታመን ዐዋቂው ለሚወደው ልጁ ብቻ ያስተላልፈዋል፤ ታማሚዋም የተሰጣትን ምን እንደሆነ አትጠይቅም። ወሸባው ሲጠፋ ምስጢሩ ቀረ። ክኒን ሲመጣ የገባው እንግዲህ በዚህ ቤት ነው።

ዘመናዊው መድኃኒት ወደ ጎጃም የገባበትን ቅደም ተከተል ልብ ማለት ይገባል። የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ1948 ተቋቋመ፤ የጎንደሩ የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በ1954 ተከፍቶ ጤና መኮንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና ሳኒታሪያኖችን ለየአውራጃው ማፍራት ጀመረ፤ የፋርማሲ ትምህርት ቤት በአዲስ አበባው ዩኒቨርሲቲ በ1961 ተጀመረ፤ በ1964 ደግሞ የፋርማሲ ደንብ ቁጥር 288 ወጣ። ይህ ደንብ የመድኃኒት ችርቻሮውን በሦስት ደረጃ ከፈለው፦ ፋርማሲ፣ የመድኃኒት መደብር፣ የገጠር መድኃኒት ቤት። ሦስተኛው ደረጃ እንደ ደጀን ላሉ ከተሞችና ከዚያም ለሚያንሱት የታሰበ ነበር፤ ፋርማሲስት በሌለበት አገር በአነስተኛ ሥልጠና የሚያልፍ ባለሙያ ውሱን ዝርዝር ይዞ እንዲሸጥ። በጊዜው አስተዋይ ውሳኔ ነበር እላለሁ። ሆኖም መንግሥት መድኃኒት ሻጩን ወደ ገጠር የሚያወርድበት ሕግ ሲያወጣ፣ መርማሪውን የሚያወርድበት ተመሳሳይ ሕግ አላወጣም። ላቦራቶሪ የሆስፒታል ነገር ሆኖ ቀረ። ከደንቡ ጎን ደግሞ ደንብ የማያውቃቸው መርፌ ወጊዎች ነበሩ፤ ፔኒሲሊን ለሁሉ ነገር ይወጉ ነበር። አንቲባዮቲክ ጠቃሚዎቹን ባክቴሪያዎች ሲገድል ፈንገሱ ሜዳውን ለብቻው ያገኛል። ስለዚህ ለጨብጥ፣ ለሳል ወይም ለቁስል ተብሎ የተወጋ መርፌ ለብዙ ሴት የመጀመሪያው የፈንገስ ሕመም መነሻ ሆኗል ብሎ ማሰብ ከእውነት የራቀ አይደለም።

ለፈንገሱ በራሱ የተሠራው የመጀመሪያው ጥሩ መድኃኒት የሁለት ሴቶች ሥራ ነው። ኤልዛቤት ሃዘንና ሬቸል ብራውን የኒውዮርክ ግዛት ጤና ቢሮ ሠራተኞች ነበሩ፤ አንዷ ኒውዮርክ ከተማ፣ ሌላዋ ኦልባኒ ሆነው ከአፈር የተገኙ ተሕዋስያንን በፖስታ እየተላላኩ ሲመረምሩ ቆይተው እ.ኤ.አ. በ1950 ኒስታቲንን አገኙ። ከመድኃኒቱ የተገኘውን ገንዘብ ለምርምር ሰጡት። በእኛ ጤና ጣቢያ ግን ለረጅም ዘመን የነገሠው ከኒስታቲን የሚቀድመው፣ ርካሹና ወይን ጠጅ ቀለሙ ጂቪ (ጄንሺያን ቫዮሌት) ነው፤ ልብስ ያበላሻል፣ ቦታውን ያደርቃል፣ ታማሚዋንም ያጋልጣል። አንዲት ሴት የምትታከመውን ነገር የውስጥ ልብሷ ላይ ከሚያትም መድኃኒት ወደ ዝም የሚል ነጭ ክኒን ለመሸሽ ምን ያህል እንደምትቸኩል መገመት ቀላል ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ክሎትሪማዞል መጣ፤ በማህፀን የሚገባ ክኒንና ቅባት። በ1990 ፍሉኮናዞል በአሜሪካ ፈቃድ አገኘ፤ በ1994 ደግሞ 150 ሚሊግራም፣ አንድ ፍሬ፣ አንድ ጊዜ በአፍ ተውጦ ለማህፀን ፈንገስ እንዲያገለግል ተፈቀደ። የአምራቹ የባለቤትነት መብት ሲያበቃ ዋጋው ወደቀ። አንድ ፍሬ በወረቀት ተጠቅልላ በቦርሳ ትገባለች፤ ማንም አያያትም። ለምስጢሩ ልማድ ከዚህ የተስማማ መድኃኒት ተፈልጎም አይገኝም ነበር።

አጋጣሚው ደግሞ አብሮ መጣ። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ የግል መድኃኒት ችርቻሮ ተስፋፋ፤ በየመንገድ ዳር ከተማው አዲስ አረንጓዴ መስቀል ተሰቀለ። በዚያው ዘመን ኤችአይቪ የከባድ መኪናውን መስመር ተከትሎ ተዛመተ፤ የአባለዘር በሽታን ቶሎ ማከም አገራዊ አጣዳፊ ጉዳይ ሆነ። የዓለም ጤና ድርጅት ላቦራቶሪ ለሌላቸው አገሮች ያስፋፋው ዘዴ ታማሚው በሚናገረውና በሚታየው ምልክት ብቻ ማከም ነበር፤ ኢትዮጵያም ተቀበለችው። የማህፀን ፈሳሽ ያላት ሴት ስትመጣ ባለሙያው የዘዴውን ሰንጠረዥ ይከተላል፤ ለባክቴሪያው ሜትሮኒዳዞል፣ እርጎ መሳይ ከሆነና ካሳከከ ክሎትሪማዞል። ዘዴው ለወንዶች መግልና ለብልት ቁስል በደንብ ሠርቷል። ለሴቶች ፈሳሽ ግን ደካማው ቅርንጫፉ እንደሆነ ከጥንትም ይታወቅ ነበር፤ ሦስቱ ዋና መንስኤዎች፣ ፈንገሱ፣ የባክቴሪያ መዛባቱና ትራይኮሞናስ የተባለው ጥገኛ በዓይን ሲታዩ ይመሳሰላሉና። እ.ኤ.አ. በ2002 በአሜሪካ የታተመ ጥናት ያለ ሐኪም የፈንገስ መድኃኒት ገዝተው የወጡ 95 ሴቶችን መርምሮ ፈንገስ ብቻ የተገኘባቸው ከሦስት አንዳቸው ያህል እንደሆኑ አሳይቷል። ያ በተማረና ላቦራቶሪ በሞላው አገር ነው። የደጀን ሴት ከዚያ ይሻላታል ብሎ የሚከራከር አይመስለኝም። ሰንጠረዡ ጊዜያዊ ድልድይ ሆኖ ታስቦ ነበር፤ እኛ ግን ቤት ሠርተን ገባንበት።

አሁን ወደ መላመዱ እንምጣ። ፍሉኮናዞል ፈንገሱ የሕዋሱን ሽፋን የሚሠራበትን ኤርጎስቴሮል የተባለ ቅባት እንዳያመርት ያግዳል። ካንዲዳን ግን በአብዛኛው እድገቱን ይገታዋል እንጂ አይገድለውም፤ የቀረውን መጨረስ የሰውነት ሥራ ነው። የተረፈው ፈንገስ መድኃኒቱ የሚይዘውን ኢንዛይም በመለወጥ፣ ወይም መድኃኒቱን ከውስጡ እየገፋ በማስወጣት መቋቋምን ይማራል። ሌላም አለ፦ እነዚህ መድኃኒቶች በአሲዳማ ቦታ ኃይላቸው ይቀንሳል፤ የማህፀን በር አካባቢ ደግሞ አሲዳማ ነው። በየሦስት ወሩ አንድ ፍሬ እየዋጠች ለዓመታት የቆየች ሴት ፈንገሱን እያሠለጠነች ነው ማለት ይቻላል። ከሁሉ የሚከፋው ግን የዝርያ መተካካት ነው። በጣም የተለመደው ካንዲዳ አልቢካንስ ለፍሉኮናዞል ይንበረከካል፤ ካንዲዳ ግላብራታ በከፊል ይቋቋመዋል፤ ካንዲዳ ክሩሴይ ደግሞ ሲፈጠርም አይሰማውም። (ክሩሴይ በአፍሪካ በሚቦኩ የእህል ሊጦች ውስጥ ሲገኝ የኖረ ተራ እርሾ ነው። እንጀራ ላይ ጣት የሚቀስር እንዳይኖር፤ ምጣዱ ይጨርሰዋል።) አልቢካንሱ በተደጋጋሚ ሲጠረግ ቦታውን የሚይዙት እነዚህ ናቸው። በአዲስ አበባ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት ከሴቶች ከተገኙት እርሾዎች ከአምስት ሁለቱ ያህል አልቢካንስ እንዳልሆኑ፣ በጠቅላላው ከስድስት አንዱ ያህል ፍሉኮናዞልን እንደሚቋቋም አሳይቷል። የዓለም ጤና ድርጅትም በጥቅምት 2022 እ.ኤ.አ. ባወጣው የመጀመሪያው የአደገኛ ፈንገሶች ዝርዝር አልቢካንስን ከላይኛው፣ ግላብራታን ከሁለተኛው፣ ክሩሴይን ከሦስተኛው ረድፍ አስቀምጧቸዋል።

እዚህ ላይ አንድ ጠንካራ ተቃውሞ ይነሳል፦ ክሩሴይ በተፈጥሮው የማይነካ ከሆነ ታሪክን፣ ንግድንና ምስጢርን መክሰስ ለምን አስፈለገ? ተፈጥሮ ነው፤ እኛ ሳንኖርም ነበር። የመጀመሪያው ግማሽ እውነት ነው። ግን ክሩሴይ ድሮም ነበር፤ ያልነበረው ለእሱ የተጠረገ ቦታ ነው። ቦታውን የጠረገው ደግሞ በግምት የተሸጠ መድኃኒት ነው። ከዚሁ ጋር የሚነሳ ሌላ ሐሳብ አለ፦ የጎጃም ስንዴ ገበሬ ለዋግ የሚረጨው ቲልትና መሰሎቹ ከፍሉኮናዞል ጋር የአንድ ቤተሰብ ኬሚካሎች ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2010 ቢጫ ዋግ አገሪቱን ከመታ ወዲህም ርጭቱ በዝቷል። የእርሻ መድኃኒት አስፐርጂለስ የተባለውን ሌላ ፈንገስ የሰው መድኃኒት እንዲላመድ እንዳደረገ በአውሮፓ በሚገባ ተረጋግጧል። ለማህፀን ፈንገስ ግን ማስረጃው ገና ያን ያህል አይደለምና ጣታችንን ወደ ማሳው ለመቀሰር መቸኮል የለብንም። መጀመሪያ የራሳችንን መደርደሪያ እንይ።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከጤና ባለሙያዎች ይመጣል፤ ከሁሉም ክብደት ያለው እሱ ነው። «ሰንጠረዡን የምንከተለው ወደን አይደለም፤ ላቦራቶሪ የለንም» ይላሉ። ለካልቸር (ፈንገሱን አብቅሎ ለመለየት) እና የትኛው መድኃኒት እንደሚሠራ ለመለየት ለሚደረገው ምርመራ እውነት ነው፤ ያ በትልልቅ ከተሞች እንጂ በወረዳ ጤና ጣቢያ አይሠራም። ለመጀመሪያው እርምጃ ግን እውነት አይደለም። ደጀን ደጋ ብትሆንም ወረዳዋ ወደ አባይ ቆላ ይወርዳል፤ ቆላው የወባ አገር ነው። በወባ ምክንያት ጤና ጣቢያዎቻችን ማይክሮስኮፕ ይዘዋል፤ ደም በመስታወት ላይ ቀብቶ፣ ቀለም አልብሶ፣ ጥገኛውን ፈልጎ የሚያገኝ የላቦራቶሪ ባለሙያም አላቸው። የወባን ጥገኛ በቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ለይቶ ለሚያይ ዓይን የሚያቆጠቁጥ እርሾና ክሩን ማየት ከባድ ሥራ አይደለም። የሚያስፈልገው የፈሳሹ ናሙና፣ መስታወት፣ አንድ ጠብታ የጨው ውኃና አንድ ጠብታ 10 በመቶ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ነው። በጨው ውኃው ትራይኮሞናሱ ሲዋኝ ይታያል፤ ሃይድሮክሳይዱ የሰውን ሕዋስ አሟሙቶ ፈንገሱን ብቻውን ያስቀራል። አሲድ የሚለካ ቁራጭ ወረቀት ከተጨመረበት ሦስቱን መንስኤዎች በአብዛኛው መለየት ይቻላል። ፍጹም ነው አልልም፤ ይህ ምርመራ ፈንገስ ካለባቸው ሴቶች ብዙዎቹን ሊስት ይችላል፣ ክር የማይሠራው ግላብራታም በቀላሉ ያመልጣል። ያም ሆኖ ከግምት ይሻላል፤ ለካልቸር መላክ ያለባቸውንም ጥቂቶች ይለይልናል። ማይክሮስኮፑ ዘግይቶም ቢሆን ደርሷል ማለት ነው፤ ያልደረሰው ከወባ ወደ ሴቶች ክፍል የሚወስደው ትእዛዝ ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ ስለ ምስጢሩ ነው፤ በዚህ በኩል ተቃዋሚው ትክክል የሆነበት ብዙ ነገር አለ። መድኃኒት ቤቱ ለደጀን ሴት መጠጊያዋ ነው። ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍሉ ላይ ጎረቤቷ ተሰልፋለች፤ ስሟ ይጠራል፣ «ምንሽን ነው?» ትባላለች። መርማሪው ወንድ ሊሆን ይችላል፤ ወጣት ሊሆን ይችላል። መድኃኒት ቤቱ ውስጥ ግን ድምፅ ዝቅ አድርጋ ሁለት ቃል ተናግራ ትወጣለች። ፍሉኮናዞልን ያለ ማዘዣ መሸጥን በጥብቅ መቆጣጠር ብቻውን መፍትሔ አድርገው የሚያቀርቡ ሰዎች ይህን የዘነጉ ይመስለኛል። አዋጅ ቁጥር 661/2002 እና በኋላም 1112/2011 (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) ቁጥጥሩን አጥብቀዋል፤ ጥሩ ነው፤ ሆኖም የተዘጋ በር ሴትየዋን ወደ ሐኪም ሳይሆን ወደ ጢስና እንዶድ፣ ወይም ወደ ጎረቤቷ የተረፈ ክኒን ሊመልሳት ይችላል። ባለመድኃኒት ቤቱ ሁለት ጥያቄ እንዲጠይቅ ማሠልጠን ይበልጥ ይጠቅማል፦ በዚህ ዓመት ስንተኛሽ ነው? ነፍሰ ጡር ነሽ? ከሁለተኛ ጊዜ በላይ ከሆነ፣ ወይም ነፍሰ ጡር ከሆነች፣ ክኒኑን ትቶ ወደ ጤና ጣቢያ ይላክ። ለነፍሰ ጡር በአፍ የሚዋጠው አይመከርም፤ ለሰባት ቀን የሚገባ ክሎትሪማዞል ነው የሚሰጣት። ስለ ንጽሕና የሚነሳውን ክስ ደግሞ በአጭሩ ማለፍ ይሻላል፤ ፈንገስ እድፍ አይደለም። በሳሙና፣ በዴቶልና በሽቶ ውስጥን ማጠብ ጠቃሚዎቹን ባክቴሪያዎች ያጠባል፤ «ንጹሕ አይደለሽም» የተባለች ሴት ይበልጥ ታጥባለች፣ ይበልጥም ትታመማለች።

ፈንገሱ በማይክሮስኮፕ ከታየና እየተመላለሰ ካስቸገረ ሕክምናው አንድ ፍሬ መሆኑ ያበቃል። አልቢካንስ ከሆነ 150 ሚሊግራሙን በሦስት በሦስት ቀን ልዩነት ሦስት ጊዜ፣ ከዚያም በሳምንት አንድ ጊዜ ለስድስት ወር መውሰድ የታወቀ ሥርዓት ነው፤ ድሮ ወሸባ ያስተማረውን ትዕግሥት ሐኪሙ በሌላ መልክ ይጠይቃል። ዝርያው ፍሉኮናዞልን የማይሰማ ከሆነ መጠኑን እያበዙ መድከም ከንቱ ነው፤ ወደ አሮጌዎቹ መድኃኒቶች ይኬዳል። የእነ ሃዘንና ብራውን ኒስታቲን፣ 100 ሺሕ ዩኒት በየማታው ለ14 ቀን በማህፀን የሚገባው፣ ዛሬም ይሠራል። የ19ኛው ክፍለ ዘመን ቁስል ሐኪሞች የሚጠቀሙበት ቦሪክ አሲድም ተመልሷል፤ 600 ሚሊግራም በካፕሱል ሆኖ በማህፀን ለሦስት ሳምንት ይገባል። ይህን ግን በሐኪም ትእዛዝ ብቻ እንጂ በራስ ማድረግ ክልክል ነው፤ ቢዋጥ መርዝ ነው፣ ሕፃናት ከሚደርሱበት መራቅ አለበት፣ ለነፍሰ ጡርም አይሆንም። በአሜሪካ በ2021 እና በ2022 እ.ኤ.አ. ኢብሬክሳፈንጀርፕና ኦቴሴኮናዞል የተባሉ አዳዲስ መድኃኒቶች ተፈቅደዋል፤ ዋጋቸው ግን ለእኛ ገበያ የሚታሰብ አይደለም። እነሱም በርካሽ ቢመጡ፣ ሳይታይ በግምት ከተሸጡ ዕጣቸው ከፍሉኮናዞል አይለይም።

ለወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤቶች ያለኝ ጥያቄ ትንሽ ነው። ከወባው መስታወት ጎን የሃይድሮክሳይድ ጠርሙስና የአሲድ መለኪያ ወረቀት ይቀመጥ፤ ለሴቶች ፈሳሽ የሚታይ ናሙና ከሰንጠረዡ ይቅደም፤ ናሙናውን የምትወስደው ሴት ባለሙያ ትሁን፣ የታማሚዋም ስም በካርድ ክፍሉ አይጠራ። ለአንባቢዋ ደግሞ፦ ማሳከኩ በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስተኛ ጊዜ ከመጣብሽ ሌላ ክኒን አትግዢ። ጤና ጣቢያ ሄደሽ ፈሳሹ በማይክሮስኮፕ እንዲታይልሽ፣ ደምሽም ለስኳርና ለኤችአይቪ እንዲመረመር ጠይቂ፤ የወሰድሻቸውን መድኃኒቶች ስም ሁሉ፣ የመርፌውንም ጭምር፣ ሳታፍሪ ንገሪያቸው።